የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር፦ መግዛት ይሻላል ወይስ በየወሩ መክፈል? ለአንድ የጎብዬ ፎቶ ቤት የሚሆን ስሌት

ከረመዳን በፊት ባሉት ሳምንታት ፎቶ ቤት ፋታ የለውም። ኒካህ በኒካህ ላይ ይደራረባል። የሙሽሮች አልበም፣ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ፣ የጥሪ ካርድ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ከዚያ ጨረቃዋ ትታያለች፣ ፆሙ ይገባል፣ ሰርግ ይቆማል። ለአንድ ወር ወደ ፎቶ ቤቱ የሚገባው ጉርድ ፎቶ ወይም ላሚኔሽን ፈላጊ ብቻ ይሆናል። የፎቶሾፕ ወርሃዊ ክፍያ ግን ይህን አያውቅም። በሸዕባን የቆረጠውን ዶላር በረመዳንም ይቆርጣል።

ይህ ጽሑፍ በወልድያና በቆቦ መካከል ባለችው ጎብዬ፣ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፎቶ ቤት ለከፈተ ወይም ሊከፍት ላሰበ ሰው የሚሆን ነው። ሮቢት ወይም ዋጃ ላለም ስሌቱ ያው ነው። አንድ ካሜራ፣ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና አንድ የቀለም ፕሪንተር አለው እንበል። ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ ይግዛው? በየወሩ እየከፈለ ይጠቀም? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ፎቶሾፕን የሠሩት ቶማስና ጆን ኖል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲያቀርበው እንደማንኛውም ዕቃ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚወሰድ ነበር። በዚህ መልክ የተሸጠው የመጨረሻው ዋና ዕትም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሲኤስ 6 ነው። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ከእንግዲህ አዳዲሶቹን ዕትሞች የሚያቀርበው በየጊዜው ለሚከፍል ደንበኛ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። አብሮት የሚሠራው ላይትሩምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለው።

በፊቅህ ቋንቋ ብንናገር፣ አንዱ ወደ በይዕ፣ ሌላው ወደ ኢጃራ የሚቀርብ ነው። ኪራይ በራሱ ነውር የለውም፤ ፎቶ ቤቱ ያለባት ክፍልም የኪራይ ናት። ልዩነቱ ተከራዩ ሲወጣ ይታያል። ቤት የለቀቀ ሰው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። የፎቶሾፕ ክፍያው የተቋረጠበት ሰው ግን በፒኤስዲ ያስቀመጠው ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ እያለ መክፈቻው ይጠፋበታል። በሌሎች ፕሮግራሞች መክፈት ይቻላል፣ ሁልጊዜ ግን እንደነበረ አይመጣም። ላይትሩም ክላሲክ ትንሽ ይሻላል፤ ክፍያው ቢቆምም ፎቶዎቹን ማየትና ማውጣት ይፈቅዳል፣ ማስተካከያ ክፍሉን ግን ይዘጋዋል። ስለዚህ የምትከራዩ ከሆነ፣ ያለቀ ሥራ ሁሉ ከፒኤስዲው ጎን በቲፍ ወይም በጄፔግ ተቀድቶ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ፎቶሾፕንና ላይትሩምን አንድ ላይ የያዘው የፎቶ አንሺዎች ጥቅል ለዓመታት በወር 9.99 ዶላር ይከፈልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አዶቢ ይህን ርካሽ ጥቅል ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ አቆመ። አዲስ ለሚገባ ሰው የቀረለት በወር 19.99 ዶላር የሚከፈልበት፣ ትልቅ የኢንተርኔት ማከማቻ ያለው ጥቅል ነው። በዓመት 240 ዶላር ገደማ ማለት ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ብሩ ተለወጠ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር፣ የቀድሞው ጥቅል የዓመት ክፍያ ወደ 6,840 ብር ይመጣ ነበር። አሁን ለስሌት እንዲመች ዶላሩን 150 ብር ብንይዘው፣ የአዲሱ ጥቅል የዓመት ክፍያ 36,000 ብር ይሆናል። ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ከአንድ ሰው ጉርድ ፎቶ ቀለምና ወረቀቱ ተቀንሶ 30 ብር ይተርፋል ብንል፣ የ1,200 ሰው ትርፍ ለሶፍትዌር ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። የቤት ኪራዩ ገና አልተነካም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ካልተመቸኝ አቋርጠዋለሁ» ብሎ ነው። በወር 19.99 የሚከፈለው ጥቅል የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ክፍያው ብቻ ነው በወር የተከፋፈለው። ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ላቋርጥ ያለ ሰው የቀሪዎቹን ወራት ግማሽ ይጠየቃል። ሦስት ወር ከፍላችሁ በረመዳን ብታቆሙ ቀሪው ዘጠኝ ወር 180 ዶላር ያህል ነው፤ ግማሹ 90 ዶላር፣ በያዝነው ሂሳብ 13,500 ብር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 አዶቢን የከሰሰው ይህን የማቋረጫ ክፍያ ለደንበኞች በግልጽ አላሳየም ብሎ ነበር። ፎቶሾፕን ብቻውን ያለ ዓመት ውል ወር በወር መውሰድም ይቻላል፣ የወሩ ዋጋ ግን ከ30 ዶላር በላይ ነው። ለሸዕባን ወር ብቻ ከፍሎ ማቆም ለሚፈልግ ግን ይህ ውዱ ምርጫ በመጨረሻ ርካሹ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ክፍያው የሚፈጸምበት መንገድ ነው። ተራ የብር አካውንት ካርድ ለውጭ ኩባንያ አይከፍልም። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉት ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እህታቸውን በካርዷ እንድትከፍልላቸው መጠየቅ ነው። እሷ ሥራ ስትቀይር ወይም ወደ አገሯ ስትመለስ ክፍያው ይቆማል፣ ፎቶ ቤቱም ይቆማል። የሂሳቡ ነገርም አለ። ስጦታ ከሆነ አላህ ይስጣት፤ ብድር ከሆነ ግን «የዚያን ጊዜውን ብር እመልሳለሁ» ማለት አይሠራም። የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው ጉባኤ፣ በአንድ ገንዘብ የተገባ ዕዳ የሚመለሰው በዚያው ገንዘብ መጠን መሆኑን ወስኗል። እሷ 20 ዶላር ከከፈለች ዕዳው 20 ዶላር ነው። ብሩ ሲወርድ ጉዳቱ የእሷ እንዳይሆን ከመጀመሪያው ጻፉት።

የኢንተርኔቱን ነገር የራያ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፎቶሾፕን ለመጠቀም በየቀኑ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ክፍያው መቀጠሉን ለማረጋገጥ አልፎ አልፎ መገናኘት አለበት። ለዓመት ደንበኛ ሳይገናኝ የሚቆይበት ገደብ እስከ 99 ቀን ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ግን በብዙ ቦታ ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ቆይቷል። ከዚያ በፊት በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የነበረውን፣ መብራቱም ስልኩም አንድ ላይ የጠፋበትን፣ ማስታወስ አያስፈልግም። ላፕቶፑን በጄኔሬተር ማስነሳት ይቻላል። የጠፋ ኔትወርክን ግን ማንም በጄኔሬተር አያስነሳም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታዲያ ክራክ የተደረገውን መጫን ነዋ» ይላል። እውነቱን እንነጋገርና፣ በአገራችን ያለው አብዛኛው ፎቶሾፕ እንዲህ የመጣ ነው። ሆኖም ቅድም የጠቀስነው የኩዌቱ ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ዝርዝሩን ዓሊሞችን መጠየቅ ይቻላል። ለባለ ፎቶ ቤት ግን የዱንያ ጉዳቱም ትንሽ አይደለም። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁት ቫይረሶች መካከል በጣም ከተስፋፉት አንዱ የሆነው፣ ስቶፕ የሚባለው፣ በብዛት የሚሠራጨው በክራክ ሶፍትዌር ውስጥ ተደብቆ ነው። የሰው ሰርግ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

ጥሩው ዜና ሦስተኛው መንገድ ከመቼውም በላይ ሰፊ መሆኑ ነው።

ጊምፕን ሁለት የካሊፎርኒያ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመሩት፤ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል፣ ክፍያ የለውም። ሦስተኛው ትልቅ ዕትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ወጥቷል። ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ፈቃዱ ነው፤ መቅዳትና ለሌላ ማካፈል ይቻላል። ኔትወርክ ካለበት፣ ከወልድያ ወይም ከደሴ፣ አንድ ሰው በፍላሽ ይዞ ከመጣ ለጎብዬ ፎቶ ቤቶች ሁሉ ይበቃል፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ። አሁን ያለው ፎቶሾፕ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ሲፈልግ፣ ጊምፕ ከዚያ ባነሰ አሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ጉርድ ፎቶ መቁረጥ፣ ቀለም ማስተካከል፣ ፊት ላይ ያለ ምልክት ማጥፋት፣ በሌየር አልበም ማቀናበር ይችላል። በፎቶሾፕ እጁ የተፈታ ሰው ግን መጀመሪያ ይናደዳል፤ ቁልፎቹም ሜኑውም ሌላ ናቸው። ሰውን ከጀርባው ለይቶ መቁረጥ ላይም ፎቶሾፕ በግልጽ ይበልጠዋል።

ይህን ስል አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ሒጃብ የለበሰችን እህት ከጀርባዋ ቆርጦ ነጭ ባክግራውንድ ላይ ማስቀመጥ የሚከፈልበትንም የማይከፈልበትንም ሶፍትዌር ያስቸግራል። መፍትሔው ሲነሳ ነው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣ ደንበኛዋን ከጨርቁ አንድ እርምጃ አርቆ አስቀምጦ፣ ጨርቁን ለብቻው በመብራት ማድመቅ። ያኔ የሚቆረጥ ነገር አይኖርም።

ራው ፎቶ ለሚያነሱ ዳርክቴብል አለ፤ እሱም ነፃ ነው፣ የላይትሩምን ሥራ ይሠራል። ሌላው አፊኒቲ ነው። የእንግሊዙ ሰሪፍ ኩባንያ ሠርቶት አንድ ጊዜ ተከፍሎ በሚገዛበት ዋጋ ስሙን ያስጠራው እሱ ነበር። ካንቫ እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያውን ገዛው፣ በጥቅምት 2025 ደግሞ ፕሮግራሙን በነፃ ለቀቀው። ለመክፈት የካንቫ አካውንት ያስፈልጋል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት መሣሪያዎች ብቻ ይከፈልባቸዋል። ለፎቶሾፕ ሰው ከጊምፕ ይልቅ ይለመዳል። እኔ ግን ነፃነቱን በጥንቃቄ ነው የማየው። ካንቫ ነገ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ እጃችሁ የገባውን ጊምፕ ግን ማንም አይወስድባችሁም።

የጥሪ ካርድ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ፈተና አድርጉ። «ቢስሚላህ»ን በዐረብኛ ጻፉና ፊደሎቹ በትክክል ተያይዘው ከቀኝ ወደ ግራ መሄዳቸውን እዩ። አፊኒቲ ዐረብኛን በአግባቡ ባለመደገፉ ለብዙ ዓመታት ሲወቀስ ቆይቷል። ፎቶሾፕ ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ ጽሑፍ አማራጭን ከሴቲንግ ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። ጊምፕ ይህን ያለ ችግር ያያይዛል። የተገነጣጠለ ቢስሚላህ በሁለት መቶ ካርድ ላይ ታትሞ ከሚታይ አስቀድሞ መሞከሩ ይቀላል።

የሴቶችን ድግስ ለምታነሳ እህትም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከላይትሩም ሁለት ዓይነቶች አንዱ የገባለትን ፎቶ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልካል፤ ክላሲክ የሚባለው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ያለ ሒጃብ የተነሱ እህቶች ፎቶ አማና ነው። የትኛውን እንደምትጠቀሙ ሳታረጋግጡ አታስገቡ። ጊምፕና ዳርክቴብል የትም አይልኩም።

ከፍሎ መግዛት ለሚፈልግም በሩ አልተዘጋም። ዲኤክስኦ ፎቶላብና ካፕቸር ዋን አሁንም አንድ ጊዜ ተከፍሎባቸው ይገዛሉ፤ ዋጋቸው ግን ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ የበለጠ የሚጠቅሙትም በራው ለሚሠራ ነው። «ግዢ» በሚል ስም የሚቀርብ ሁሉ ግዢ አይደለም። ፎቶሾፕ ኤለመንትስ ለምሳሌ ከ2025 ዕትሙ ጀምሮ በ99.99 ዶላር የሚሰጠው የሦስት ዓመት ፈቃድ ነው። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ያበቃል።

ታዲያ ወርሃዊው ክፍያ ለማን ያዋጣል? ሥራው ዓመቱን ሙሉ ለማይቋረጥ፣ ከሌሎች ስቱዲዮዎች ወይም ከማተሚያ ቤቶች ጋር ፒኤስዲ ለሚቀባበል፣ ክፍያውም በራሱ ስም በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ለሚፈጸም። ደሴ ወይም አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ስቱዲዮ አለ። ከጉርድ ፎቶና ከወቅት ሰርግ ለሚኖር የጎብዬ ፎቶ ቤት ግን 36,000 ብሩ ለሁለተኛ ሌንስ ወይም ለሃርድ ዲስክ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

ለመቀየር ያሰበ ሰው በሰርግ ወቅት አይሞክረው። ባለፈው ዓመት ከሠራችሁት አንድ ሰርግ ሃያ ፎቶ ምረጡ፣ ከመጀመሪያው እስከ ኅትመት ድረስ በጊምፕ ሥሯቸው፣ ከድሮው አልበም ጎን አስቀምጡና ለባለቤቶቹ አሳዩ። የትኛው በየትኛው እንደተሠራ መለየት ካልቻሉ መልሱን አግኝታችኋል። ፎቶ ቤቱ ጭር የሚልበት የረመዳን ወር ለዚህ ይመቻል።