የስኳር ክኒን ወደ ሌላ ሕመም

በወለጋ፣ በኑኑ ቁምባ ይሁን በነቀምቴ፣ አንዲት ተማሪ በወር አበባዋ ሰሞን ሆዷን ይዛ ከትምህርት ቤት ብትቀር የሚነገራት ያው ነው፤ «ስትወልጂ ይተውሻል»። እናቷም በጊዜዋ የተባለችው ይህንኑ ነው። ትኩስ ነገር ይፈላላታል፣ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛላታል፣ ቀኑ ያልፋል። ለብዙዎቹ ይበቃል። ማስታገሻው ምንም የማይላቸው፣ ሕመሙም የወር አበባው ካለፈ በኋላ የሚከተላቸው ግን አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1921 ጆን ሳምሰን የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም፣ በአልባኒ ከተማ ሲሠራ፣ በታካሚዎቹ ኦቫሪ ላይ ቸኮሌት የመሰለ አሮጌ ደም የቋጠሩ ከረጢቶችን መዘገበ። በ1927 ደግሞ ምክንያት ያለውን ጻፈ፦ ከወር አበባው ደም ከፊሉ በቱቦዎቹ በኩል ወደ ሆድ ይመለሳል፤ አብሮት የሄደው የማህፀን ሽፋን እዚያው ተጣብቆ ያድጋል። ሕመሙ ዛሬ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ችግሩ፣ የደሙ ወደ ኋላ መመለስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚታይ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን የሚታመሙት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት 10 በመቶ ያህሉ፣ ወደ 190 ሚሊዮን ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ሌሎቹን ምን አዳናቸው? ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ብግነት፣ ወደ ሆርሞንና ሴሎቹ ጉልበት ወደሚያገኙበት መንገድ ያዞሩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሕመም ይሆን ይሆናል የተባለው የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። የአውሮፓ ባህል ሐኪሞች ጋሌጋ የሚባል ተክል ይጠቀሙ ነበር፤ በተክሉ ውስጥ ስኳር የሚቀንስ ንጥረ ነገር ተገኘ። ሜትፎርሚን የተሠራው በ1922 ደብሊን ውስጥ ነው። ኢንሱሊን ገና ብቅ ባለበት ዘመን ማን ዞር ብሎ ያየዋል! በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። ዘመዱ ፌንፎርሚን ደም ውስጥ አሲድ እያጠራቀመ ሰው ስለገደለ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ሜትፎርሚንም በዘመዱ ጥፋት ተጠርጥሮ በአሜሪካ እስከ 1994 ፈቃድ ሳያገኝ ቆየ።

በዚያው ዓመት የቬንዙዌላ ሐኪሞች የወር አበባቸው ለተዛባ፣ ኦቫሪያቸው ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ላሉባቸው ሴቶች ሰጡት። የወር አበባው ተስተካከለ፣ ያረገዙም ነበሩ። የማህፀን ሐኪሞች ይህን የስኳር ክኒን በቁም ነገር ያዩት ከዚያ ወዲህ ነው።

በ2007 የቶኪዮ ተመራማሪዎች ከኢንዶሜትሪዮሲስ ታማሚዎች የተወሰዱ ሴሎችን ሜትፎርሚን ውስጥ ነከሩ። ብግነት የሚጠራው ኬሚካል ቀነሰ፣ ሴሎቹ ኤስትሮጅን ለማምረት ያላቸው አቅም ወረደ፣ መራባታቸውም ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ቱርክ ውስጥ በአይጦች ላይ ተሞከረ፤ የተተከለው ቁስል ሟሸሸ። ያ ሁሉ ግን ሳህንና አይጥ ነው። አይጥ ሕመሟን አትናገርም፤ ሕመም ደግሞ በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ታዲያ ክኒኑን በሰው፣ ያውም በወጣቶች ላይ መፈተን ለምን? በ1997 የታተመ የቦስተን ጥናት፣ በተለመደው ሕክምና ያልዳነ የዳሌ ሕመም ካለባቸው ልጃገረዶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባቸው አሳየ። ቁስሉ በእነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ወይም ቀይ ስለሚሆን ጥቁሩን የለመደ ዓይን ያልፈዋል። የተለመደው ሕክምናም ሆርሞን፣ በአብዛኛው የወሊድ መከላከያ ክኒን ነው። እንደኔ ግምት ለወለጋ ትልቁ ነጥብ ይኸኛው ነው። ያላገባች ልጅ የወሊድ መከላከያ ስትውጥ ብትታይ መንደሩ ምን እንደሚል መናገር አያስፈልግም፤ እናት ራሷ ልትከለክል ትችላለች። ሜትፎርሚን ሆርሞን አይደለም፣ እርግዝናን አይከለክልም፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ አባቷ ለስኳሩ ይውጠው ይሆናል።

ክኒኑ ሕመሙን ማስታገሱ የሚለይበት ፈተና ግን ጥብቅ መሆን አለበት። ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ሜትፎርሚን፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ይወስዳሉ፤ ማን የቱን እንደዋጠ ታካሚዋም ሐኪሙም አያውቁም። ሕመሟን ከ0 እስከ 10 በየቀኑ ትመዘግባለች። እንዲህ የሚደከመው ሕመም በባዶ ክኒንም ለጊዜው ስለሚቀል ነው። ከኢንዶሜትሪዮሲስ ሕመም ጋር የተያያዘው ማስረጃ ገና ትንሽ ስለሆነ የአባትን ክኒን ከመሳቢያ አውጥቶ ለልጅ መስጠት አይገባም። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የተለመዱ ናቸው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ያ የፌንፎርሚን አደጋ፣ እምብዛም ባይከሰትም፣ ዛሬም አለ።

ካሜራ በሆድ አስገብቶ የሚያየው ላፓሮስኮፒ በየወረዳው በሌለበት አገር ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ዛሬ ልትጠይቅ የምትችላቸው ነገሮች አሉ፦ ሕመሙ ከትምህርት ያስቀርሻል? ማስታገሻ ወስደሽ ይቀጥላል? የወር አበባሽ ሲመጣ ሰገራ ስትወጪ ወይም ሽንት ስትሸኚ ያምሻል? ካለፈስ በኋላ? «አዎ» ከበዛ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ማህፀን ክፍል መላክ ያስፈልጋል።