ደረሰኝ ቤልት አይቀይርም

ሕግ የተማረ ሰው በወረቀት ያምናል። «ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም» ሲባል እየሰማን ስላረጀን፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ የተደረገ ይመስለናል። እኔ ከዚህ በሽታ የዳንኩት በቅርቡ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ፣ እጄ እስከ ክርኔ በግራሶ ተለቅልቆ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ያለችው መኪና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው የ1.6 ሊትር ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ታይሚንግ ቤልቷን ለማስቀየር አንድ ጋራዥ አስገባኋት። ከፈልኩ፤ «ታይሚንግ ቤልት መቀየር» የሚል ደረሰኝ ተቀበልኩ፤ ደረሰኙንም መሳቢያዬ ውስጥ ከሊብሬው ጋር አስቀምጬ ረሳሁት። አሁን መኪናዋን የምትይዛት ልጄ ናት። ሥራዋ ደብረ ብርሃን ስለሆነ በየሳምንቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ያንኑ ያህል ትመለሳለች።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሞተሩ በቀኝ በኩል ዘይት ሲንጠባጠብ አየሁ። መካኒክነት የተማረውን የወንድሜን ልጅ ጠራሁት። ባትሪ አብርቶ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ዘይቱ የሚመጣው ከቤልቱ በኩል ነው፤ ዘይት ደግሞ የቤልት ጠላት ነው። እንክፈተው» አለኝ። «ቤልቱ እንኳ አዲስ ነው፤ ደረሰኝ አለኝ» አልኩት። «ደረሰኙን እርስዎ ይዩት፤ እኔ ቤልቱን ልየው» አለ።

ለመሆኑ ምንድን ነው ሥራው?

መኪና የሚነዳው አብዛኛው ሰው ታይሚንግ ቤልትን በስም እንጂ በሥራ አያውቀውም። ሞተር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተናበው መሄድ አለባቸው። ከታች ፒስተኖቹ ከፍ ዝቅ ሲሉ ክራንክሻፍቱን ያዞራሉ። ከላይ ደግሞ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ይከፍታል፤ አየርና ቤንዚን እንዲገባ፣ ጭሱም እንዲወጣ ያደርጋል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ በትክክል አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በውስጥ በኩል ጥርስ የወጣለት አንድ የጎማ ቀበቶ ነው። በእኛ ሞተር ቤልቱ አንደኛውን ካምሻፍት ያዞራል፤ ሁለተኛው ከአንደኛው በጥርስ ተያይዞ ይዞራል።

ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ከሁለት ጣት የማይሰፋ ጎማ ነው። እንደ ፍሬን አይጮህም፤ እንደ ባትሪም አስቀድሞ አይደክምም። አንድ ቀን ይበጠሳል፤ በቃ።

ሲበጠስ የሚደርሰው ጉዳት እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። በአንዳንዶቹ ሞተሮች ቫልቩና ፒስተኑ በተለያየ ጊዜ አንድ ቦታ ይጋራሉ። መናበቡ ሲቀር ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ክፍት ቫልቭ ያገኛል፤ ቫልቩ ይጣመማል፤ ቴስታታው ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት የሃይሉክስ የናፍጣ ሞተሮች ከነዚህ ወገን ናቸው። 4ኤ-ኤፍኢ ግን ለጋስ ነው፤ ቤልቱ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ሳይነካኩ ሞተሩ ዝም ብሎ ይቆማል።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሞተሩ ሲቆም መሪውን የሚያቀለው ፓምፕ ይቆማል፤ ፍሬኑን የሚያግዘውም ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ተከትሎ፣ መሪው እንደ ድንጋይ ከብዶ ማለት ነው። ሞተሩ ሊተርፍ ይችላል። እኔ ያሰብኩት ግን ስለ ሞተሩ አልነበረም።

የቤልት ይርጋ

ለ4ኤ-ኤፍኢ የተለመደው የመቀየሪያ ገደብ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁንና በአቧራና በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ለምትኖር መኪና ይህ የላይኛው ጣሪያ እንጂ መብት አይደለም። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ ስለዚህ ጥቂት የምትነዳ መኪና እንኳ ዓመታት ከተቆጠሩ ቤልቷ መታየት አለበት። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አምኖ መቀመጥ የለበትም፤ የቤልቱን ታሪክ ካላወቀ እንዳልተቀየረ ይቁጠረው። ቪትዝና ያሪስን የመሳሰሉት በቤልት ፈንታ ሰንሰለት ስላላቸው ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ጉዳዩ ዛሬ ከድሮው የበለጠ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል።

በግቢ ውስጥ

ሥራውን የጀመርነው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታን፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዝን፤ የፊት ቀኙን በክሪክ አንስተን በብረት መደገፊያ ላይ አስቀመጥን። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። ከዚያ ጎማውን፣ ከሥሩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ የዲናሞውንና ሌሎቹን የውጭ ቤልቶች፣ ካንዴላዎቹንና የቴስታታውን ክዳን አወጣን። ካንዴላው ከወጣ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል።

ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ትልቅ ብሎን ለመፍታት ልጄ አምስተኛ ማርሽ አስገብታ ፍሬን ረገጠች፤ የወንድሜ ልጅ ረጅም ቁልፍ ይዞ ታገለ። ሞተሩን ከሥር በእንጨትና በሌላ ክሪክ ደግፈን የቀኙን የሞተር መያዣ አወጣን።

ዋናው ነገር ምልክት ነው። ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ የታችኛውን ፑሊ ጭረት ከ«0» ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። በዚያው ቅጽበት ላይኛው ፑሊ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከኋላዋ ካለው ምልክት ጋር ትገጥማለች። ካልገጠመች ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር መጨመር ነው። ይህ ሳይስተካከል ቤልት የሚያወጣ ሰው ኋላ መመለሻው ይጠፋዋል።

ወደ ቤልቱ መሸፈኛ ስንደርስ የወንድሜ ልጅ እጁን ሰበሰበ። «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ» አለኝ። የመሸፈኛው ብሎኖች ላይ የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ደርቋል። አንድም የቁልፍ ጭረት የለም። መሸፈኛው ሲነሣ ቤልቱ ታየ፤ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ በጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል። የሦስት ዓመት ቤልት አልነበረም። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም አላለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ቤልቱን ወጥሮ የሚይዘውን ፑሊ አላልተን አሮጌውን አወጣን፤ የፑሊውን ኩሽኔት በእጅ አዙረን ስለተንኮሻኮሸ ቀየርነው፤ ዘይት ያፈስ የነበረውንም ሲል አብረን ቀየርን። የውኃ ፓምፕን በዚሁ ቤልት በሚያዞሩ ሞተሮች ፓምፑንም አብሮ መቀየር ያዋጣል፤ የእኛው ሞተር ፓምፕ የሚዞረው በውጭው ቤልት ነው። አዲሱ ቤልት አይታጠፍም፣ አይጠመዘዝም፣ ዘይትም አይነካውም።

ቤልቱን አስገብተን፣ ወጣሪውን ፑሊ ለሞላው ለቀን፣ ሞተሩን በእጃችን በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርን። ሁለት ዙር ለምን? ካምሻፍቱ አንድ ዙር ጨርሶ ወደ መነሻው የሚመለሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ታችኛው ምልክት ገጠመ፤ ላይኛው ግን ትንሽ አለፈ። «አንድ ጥርስ ተዛንፏል» አለ ልጁ። ለእኔ ዓይን ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነበር። እንዲህ ቢዘጋ የእኛ ሞተር ይነሣል፤ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበት ያጣል። በሌሎቹ ሞተሮች ጥቂት ጥርስ መዛነፍ ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። አውጥተን ደገምነው። በሁለተኛው ሁለቱም ገጠሙ።

ብሎን በግምት አይጠብቅም። የወጣሪው ፑሊ ብሎን 37፣ የክራንክሻፍቱ ትልቅ ብሎን 118 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለዚህ መለኪያ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል። እኛ ተውሰን ነው ያገኘነው። መለኪያ ቁልፍ የሌለው፣ ምልክቱን በትክክል ለማየት ያልቻለ ወይም መኪናው ናፍጣ የሆነ ሰው ይህን ሥራ በግቢው እንዲሞክር አልመክርም።

ማስረጃው የት አለ?

ማታ ደረሰኙን ከመሳቢያ አውጥቼ ከአሮጌው ቤልት አጠገብ አስቀመጥኩት። ልክሰስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ጠቅላላ ደንብ ከሄድን የውል ይርጋ 10 ዓመት ስለሆነ ጊዜው አላለፈም ይባል ይሆናል። ማስረጃው ግን ድሮ አልፏል። ያን ቀን አብሬ አልቆምኩም፤ አሮጌውን ቤልት አልተቀበልኩም፤ ኪሎ ሜትሩን አላስመዘገብኩም። ጋራዡ «ቀይረናል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አናውቅም» ቢል የማስረዳቱ ሸክም እኔ ላይ ይወድቃል። ደረሰኙ ያስረዳው መክፈሌን ብቻ ነው።

ሁሉም መካኒክ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሐቀኛ ባለሙያ የወንድሜን ልጅ ጨምሮ ብዙ አውቃለሁ። እንዲያውም ሐቀኛውን ከሌላው የሚለየው ጥያቄ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ መኪናችሁን ጋራዥ የምትሰጡ አራት ነገር ጠይቁ። መሸፈኛው ሲከፈት በቦታው ልገኝ። አሮጌውን ቤልት ስጡኝ። ሞተሩ ሁለት ዙር ዞሮ ምልክቶቹ ሲገጥሙ አሳዩኝ። ደረሰኙ ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉልኝ። ደግ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

እኛም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማይጠፋ ቀለም መሸፈኛው ላይ ጽፈን ዘጋነው። ሰኞ ማለዳ ልጄ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ስትደርስ ደወለች፤ እንደ ወትሮው ስለ መንገዱ ብቻ ነበር ያወራችው። አሮጌው ቤልት ዛሬ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ሲገባ አየት አደርገዋለሁ።