የሚያዳልጠው በረዶ እንዴት መርከብ ጨብጦ ይይዛል?

በረዶ ያዳልጣል። ይህን ለማወቅ የፊዚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ እኔም የአርትስ ተማሪ ነኝና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የሁለት መርከቦች ታሪክ ነው።

ናንሰን የተባለው ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1893 «ፍራም» የምትባለውን መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ወስዶ ሆነ ብሎ በበረዶ አስያዛት። ሦስት ዓመት ያህል ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ቆይታ በ1896 በደኅና ወጣች። የሻክልተን «ኢንዱራንስ» ግን በ1915 መጀመሪያ በደቡብ ዋልታ በዌዴል ባሕር ተይዛ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሰጠመች። ሰዎቹ ተረፉ፤ የመርከቢቱ ስብርባሪ ግን በ2022 ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ተገኘ።

ነገሩን ለመረዳት ሊቃውንት ሰበቃ የሚሉትን፥ የሁለት ነገሮችን መፋተግ፥ መመልከት ያስፈልጋል። ቦውደንና ሂዩዝ በ1939 እንዳሳዩት፥ በረዶ ላይ በፍጥነት የሚንሸራተት ነገር በመፋተጉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ስስ ውሃ ያቀልጣል፤ የሚያዳልጠን በአብዛኛው ይህ ውሃ ነው። የመንሸራተቻ ጫማ ያደረገ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጥሩ በረዶ ላይ እንዳይቆም ከአንድ ኪሎ ያነሰ ግፊት ይበቃዋል። የባሕር በረዶ ግን በነፋስና በማዕበል እየተገፋ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በዝግታ ነው። ያን ጊዜ ሙቀቱ ሳይጠራቀም ይበተናል፤ የተነካኩት ሻካራ ጫፎች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። በረዶ በበረዶ ላይ ቀስ ብሎ ሲፋተግ ለዚያው 100 ኪሎ የሚያስፈልገው ግፊት 50 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ያው በረዶ ነው እኮ!

እንግዲህ የመርከብ ጎን ቀጥ ያለ ከሆነ በረዶው ሰበቃውን አሸንፎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ይዞ ይጨፈልቃል። ኮሊን አርቸር ፍራምን ሲሠራ ጎኗን ክብና ልሙጥ ያደረገው ስለዚህ ነው፤ በረዶው ሲጨምቃት ከሥሯ እየገባ ወደ ላይ አነሣት። ኢንዱራንስ እንዲህ ያለ ሆድ አልነበራትም። ጥፋቱ የቅርጿ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ የውስጥ ማገሮቿም ለዚያ ጭነት ደካሞች ነበሩ።

ይኸው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። በ1997 በካናዳ የተከፈተው 12.9 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኮንፌዴሬሽን ድልድይ፥ ምሰሶዎቹ በውሃው ወለል ላይ ሾጣጣ ቀሚስ ለብሰዋል። የሚገፋው በረዶ ሽቅብ ይወጣና በገዛ ክብደቱ ጎብጦ ይሰበራል፤ በረዶ ሲጨፈለቅ ብርቱ፥ ሲታጠፍ ግን ደካማ ነውና። ቀሚሱ የሻከረ እንደ ሆነ ግን በረዶው ሽቅብ መንሸራተት ይከብደዋል፤ በምሰሶው ላይ የሚያርፈውም ኃይል ይበዛል። መሐንዲሶቹ የሾጣጣውን ፊት ልሙጥነት እንደ ብርታቱ ሁሉ በሒሳብ የሚያስገቡት በዚህ ምክንያት ነው።