ለረቂቅ ሥራ የሚሆን ኤርብረሽ ሲመረጥ

ቀለም በአየር የሚረጭ ኤርብረሽ ልግዛ ብሎ የተነሣ ሠዓሊ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው የኖዝሉን፣ ማለትም የቀለም መውጫ ቀዳዳውን፣ ቁጥር ነው። 0.2 ይሻላል ወይስ 0.3? ሻጩም ቶሎ ብሎ ትንሹን ቁጥር ያነሣለታል፤ ትንሹ ቁጥር ብዙ ጊዜ ውዱ ነውና። የዓይን ሽፋሽፍት፣ የፀጉር ዘለላ ወይም በትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ላይ የዝገት ጠብታ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ቁጥሩን ወደ ኋላ ቢያቆየው ይሻለዋል። ቀጭን መስመር የሚወጣው ቀዳዳው ስለጠበበ ብቻ አይደለም። የመርፌው ጫፍ፣ የቀለሙ ቅጥነት፣ የአየሩ ግፊትና የጣት ቁጥጥር አንድ ላይ መግጠም አለባቸው። የጣቱ ነገር በልምምድ ይመጣል። እዚህ የማብራራው ከሱቅ የሚገዛውን ነው፤ የትኛው ላይ ገንዘብ ማውጣት እንደሚያዋጣ፣ የትኛውስ ሊቆይ እንደሚችል።

የመሣሪያው አሠራር ሲገባን ምርጫው ይቀላል። አየር በኖዝሉ ጫፍ ዙሪያ በፍጥነት ሲያልፍ እዚያ ጋ ግፊቱ ይወርድና ቀለሙን ከውስጥ ስቦ ያወጣዋል፤ ወዲያውም በትኖ ያረጨዋል። ቀዳዳውን ዘግቶ የተቀመጠው ሾጣጣ መርፌ ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር በመርፌውና በኖዝሉ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ቀለሙም ይበዛል። ስለዚህ 0.35 ሚሊ ሜትር ኖዝል ያለው ኤርብረሽም ቢሆን መርፌው በጥቂቱ ብቻ ከተሳበና ወደ ወረቀቱ በደንብ ከተጠጋ ቀጭን መስመር ይሰጣል። ቁጥሩ የሚወስነው ቢበዛ ምን ያህል ቀለም እንደሚወጣና ጣት ትንሽ ሲስት መስመሩ ምን ያህል እንደሚበላሽ ነው።

ከዓይነቶቹ ሁሉ ለረቂቅ ሥራ የሚሆነው ደብል አክሽን የሚባለው ነው። በዚህኛው ቃታውን ወደ ታች ሲጫኑት አየር ይለቃል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይጨምራል፤ አንድ ጣት ሁለቱንም ለየብቻ ያዛቸዋል። ሲንግል አክሽኑ ላይ ግን የቀለሙ መጠን አስቀድሞ በብሎን ይስተካከላል፣ ከዚያ በኋላ ቃታውን ተጭኖ መልቀቅ ብቻ ነው። ሰፊ ቦታ ለመሸፈን በቂ ነው፤ ወፍሮ ጀምሮ እየቀጠነ የሚያልቅ የቅንድብ ፀጉር ግን አይወጣለትም። የቀለሙ ኩባያም ከላይ የተቀመጠ ይሁን። ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል። ጠርሙሱ ከሥር የሚንጠለጠልበት ዓይነት ቀለሙን ወደ ላይ ለመሳብ ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል፤ ግፊት ሲበዛ ደግሞ የመስመሩ ዳር ይበተናል። የኩባያው ትልቅነት ማንንም አያማልል። ለአንድ ፊት የሚበቃው ጥቂት ጠብታ ነው፣ ትልቅ ኩባያ ደግሞ የሚሠሩበትን ቦታ ከዓይን ይጋርዳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከጃፓኑ ኢዋታ ሞዴሎች ኤችፒ-ሲኤስ ኢክሊፕስ 0.35፣ ኤችፒ-ቢ ፕላስ 0.2፣ ከስተም ማይክሮን ሲኤም-ቢ ደግሞ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ኢቮሉሽንን ከ0.2 እና ከ0.4 መርፌና ኖዝል ጋር በአንድ ሣጥን ሲሸጥ ቆይቷል። ከ0.2 በታች ያሉት ድንቅ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሆኖም ቀለሙ በጣም ካልላመና ካልቀጠነ ቶሎ ይደፈናሉ። ነጭ ቀለምና የብረት ብናኝ ያለባቸው ቀለሞች በተለይ ያስቸግሯቸዋል። የመጀመሪያውን ኤርብረሽ ለሚገዛ ሰው 0.3 ወይም 0.35 እመክራለሁ፤ ሥራው ሁልጊዜ ትንንሽ ነገር ላይ ከሆነና ቀለም ማቅጠኑን ከለመደ 0.2።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ አስቀድሜ የማየው ኖዝሉ እንዴት እንደሚገጠም ነው። በአንዳንዶቹ ኖዝሉ በጣት ለመያዝ እንኳ የሚያስቸግር ጥርስ ያለው ቁራጭ ነው። በትንሽዬ ቁልፍ ይታሰራል፤ ትንሽ አጥብቀው ካሰሩት አንገቱ ይቆረጥና ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። በኢክሊፕስና በኢቮሉሽን ግን ኖዝሉ ቦታው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የፊቱ ክዳን ሲዞር ራሱ ያስተካክለዋል፤ ያለ ቁልፍ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ኤርብረሽ ከሥራው ያልተናነሰ ጊዜ የሚወስደው እጥበቱ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሱቅ ውስጥ ሆነው መርፌውን ለማየት ይጠይቁ። የኋላው እጀታ ይፈታል፣ መርፌውን የያዘው ብሎን ይላላል፣ መርፌው ቀስ ተብሎ ይሳባል። መስታወት ላይ አስተኝተው በጣትዎ ሲያንከባልሉት ጫፉ ከተወዛወዘ ጎብጧል ማለት ነው። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀላሉ ጎተት ሲያደርጉት ቧጨር ካደረገዎት ጫፉ ታጥፏል፤ እንዲህ ያለ መርፌ ቀለሙን ወደ አንድ ወገን ያዞረዋል ወይም እየተፋ ያወጣዋል። ሾጣጣነቱ ረጅም ሆኖ ቀስ እያለ የሚቀጥነው ይመረጣል፤ ቃታው ሲሳብ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ስለሚሰፋ ለጣት ይታዘዛል። ርካሽ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ደህና ይሆናል፣ ከዚያው ሣጥን የወጣው ሌላው ደግሞ ጫፉ ሻካራ።

ከተፈቀደ ወረቀት ላይ ይሞክሩት። መጀመሪያ ነጥቦች በተርታ፣ ከዚያ ነጥቦቹን የሚያገናኝ መስመር፣ ከዚያ ከወፍራም ተነሥቶ ወደ ምንም የሚጠፋ መስመር። አየሩ ይቀድማል፣ ቀለሙ ይከተላል፤ ሲጨርሱም ቀለሙ መጀመሪያ ይዘጋል። ይህን በሥርዓቱ እያደረጉም መስመሩ ሲጀምር ጠብታ ከተፋ፣ ወይም ቃታው መሐል ላይ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ ያንን መሣሪያ ይተዉት።

የተሻለ ኤርብረሽ በመጥፎ አየር ከሚሠራ፣ መካከለኛ ኤርብረሽ በጥሩ አየር ቢሠራ ይበልጣል። ረቂቅ ሥራ የሚሠራው ከ10 እስከ 20 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ0.7 እስከ 1.4 ባር አካባቢ ነው። ታንክ የሌለው ትንሽ ኮምፕረሰር አየሩን እየቆራረጠ ስለሚልክ ቀጭኑ መስመር ላይ እብጠት እብጠት ይታያል፤ የ3 ሊትር ታንክ እንኳ ይህን ያስወግዳል። የግፊት መቆጣጠሪያና ውኃ ማጥሪያ የግድ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ታንኩን ለመሙላት ዝቅተኛ ቦታ ካለው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የጋራዥ ኮምፕረሰር ያለው ሰው አዲስ መግዛት አያስፈልገውም፤ 50 ሊትሩ ታንክ በ8 ባር ከተሞላ መብራት ቢጠፋም ኤርብረሽን ቃታው ሳይለቀቅ እንኳ 20 ደቂቃ ያህል ያሠራል። ችግሩ የጋራዡ መቆጣጠሪያ ነው። ጌጁ እስከ 10 ወይም 12 ባር ስለሚያነብ 1 ባር መጀመሪያው ጋ ያለች ትንሽ ምልክት ናት። በትንሹ የሚያነብ ሌላ መቆጣጠሪያ፣ ከነዘይትና ውኃ ማጥሪያው፣ ከኤርብረሹ ጎማ በፊት ማስገባት ያስፈልጋል።

ቀለሙ እንደ ወተት ቀጥኖ ከኩባያው ግድግዳ ላይ የሚወርድ ይሁን፤ ለፀጉር መስመር ከዚያም ይቅጠን። አክሪሊክ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቃል፣ በደጋው የበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። የመድረቅ ፍጥነትን የሚቀንስ ፈሳሽ ጠብ ማድረግና ጫፉን በየጊዜው በእርጥብ ብሩሽ ማበስ ይረዳል። ቲነር የሚጠቀም ሰው ኦሪንጎቹ፣ ማለትም ውስጡ ያሉት የማሸጊያ ቀለበቶች፣ ቲነር የሚችሉ መሆናቸውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ተራ ጎማ ያብጣል። መስኮት መክፈትና ለቀለም ትነት የተሠራ ማስክ ማድረግም አይዘለል፤ ለአቧራ የሚደረገው ማስክ ትነቱን አያስቀርም።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ታንክና መቆጣጠሪያ ያለው ኮምፕረሰር፣ ከዚያ ከታወቀ ሠሪ የመጣ 0.3 ወይም 0.35 ኤርብረሽ። 0.2ው ሊቆይ ይችላል። ኤርብረሹ ሲታዘዝ ግን አንድ ትርፍ መርፌና አንድ ትርፍ ኖዝል አብረው ይታዘዙ፤ የታወቁት ሠሪዎች መለዋወጫ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነውና። የ0.3 መርፌ ከ0.2 ኖዝል ጋር አይሄድም፤ በአንዳንድ ሞዴሎች የፊቱ ክዳንም አብሮ መቀየር አለበት። ስለዚህ ለሚያመጣው ሰው የሞዴሉን ሙሉ ስምና የእያንዳንዱን ክፍል ቁጥር በወረቀት ጽፎ መስጠት ነው።