የሚንቀጠቀጠው አንጎል የጾም ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሃሎዊንን የሚያከብሩት ጥቂቶች ናቸው። ለዚያ ምሽት በአንጎል፣ በዓይን ወይም በተቆረጠ እጅ ቅርጽ የሚረጋው ጄሊ ግን በየልደቱ ከምናውቀው ጄሊ አይለይም፤ የሚወራበትም ያው ነው። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። ያን ጊዜ የጽጌ ጾም ገና አልተፈታምና የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው።

«ወተትም ቅቤም የለበትም፤ ስለዚህ የጾም ነው።»

አይደለም። ጄላቲን በአብዛኛው የከብት ወይም የአሳማ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ስሕተቱ የሚቆየው ፍስክን በዓይንና በአፍንጫ መለየት ስለለመድን ነው። ሥጋው ይታያል፣ ቅቤው ይሸታል፤ ጄላቲን ግን እንደ መስታወት የጠራ፣ ሽታ የሌለው ነገር ነው፤ ፓኬቱ ላይም የተሳለው እንጆሪ እንጂ በሬ አይደለም። የአጥንት መረቅ በጥቅምት ብርድ አድሮ ሲረጋ ያየች እናት ምስጢሩን ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ ያ የረጋው ጄላቲን ነው።

«ሐላል የሚል ስላለበት ለጾመኛም ይሆናል።»

ምልክቱ አሳማ የለበትም ማለት ነው። የከብቱን ነገር ለጾመኛ አይፈታለትም።

«ክሬም ካራሜልም ያው ጄላቲን ነው።»

በፒያሳ ኬክ ቤቶች ያደገ ሰው እንኳ ይህን ይላል፤ ሁለቱም ከቅርጽ ማውጫ ተገልብጠው የሚቀርቡ ስለሆኑ ይመስላል። ክሬም ካራሜልን የሚያረጋው እሳት ያገኘው እንቁላል ነው። ፍስክነቱ ግን አያከራክርም።

«ያለ ጄላቲንና ያለ ፍሪጅ ጄሊ የለም።»

ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር አጋር አለ፤ ለጾም የሚሆነውም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ባለው ቅዝቃዜ ይረጋል፤ ከረጋ በኋላ እንደገና የሚቀልጠው 85 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ቅርጹን አይለቅም። ጄላቲን በአፍ ሙቀት ይሟሟል፤ አጋር አጋር ግን በጥርስ ይቆረሳል። እንደ አንጎል እንዲንቀጠቀጥ ለሚፈልግ ጄላቲኑ ይሻላል፤ ድግሱ እስኪያበቃ ጠረጴዛ ላይ አፍጥጦ ለሚቀመጥ ዓይን አጋር አጋሩ።

አጋር አጋር «አልረጋ አለ» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በሚገባ ስላልፈላ ነው። ውኃ 100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል የሚያልፍ ሰው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፓኬቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢልም ዱቄቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ማማሰል ነው። ጄላቲን በተቃራኒው ረጅም ጊዜ ከፈላ ይደክማል።

«ከቸኮላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።»

የተሠራው በረዶ መረቡን ይበጣጥሰዋል፤ ሲቀልጥ ውኃው ለብቻው ይወርዳል።

«እጅ ለመሥራት የሐኪም ጓንት ይበቃል።»

ጓንቱ ለምግብ የተሠራ አይደለም፤ አንዳንዱ ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው፣ ላቴክሱም የማይስማማው ሰው አለ። ለምግብ የተፈቀደ ጓንት መፈለግ ግድ ነው።

«ትኩስ ፍሬ ሲገባበት የተሻለ ይሆናል።»

አትክልት ተራ ፒያሳ አካባቢ በነበረበት ዘመን ፓፓያ በካሳ ይወርድ ነበር፤ ዛሬም ርካሽና ደም መሳይ ቀለም ያለው እሱ ነው። ጥሬ ፓፓያና ጥሬ አናናስ ግን ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አላቸው፤ ሥጋ ለማለስለስ የሚጠቅሙትም በዚሁ ነው። ጄላቲን ፕሮቲን ነውና ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም ጭማቂ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በዱቄቱ ላይ ይለጠፋል፣ «ጊዜው ያለፈበት ነው» ይባላል፣ ሌላ ፓኬት ይገዛል፣ በዚያው ፓፓያ እንደገና ይሞከራል። ፍሬው አስቀድሞ ቢፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ የቆርቆሮ አናናስ ችግር የማይፈጥረውም በፋብሪካ ስለተቀቀለ ነው። አጋር አጋር ፕሮቲን ስላልሆነ ጥሬ ፓፓያ ምንም አያደርገውም።