ከሸዋ ቤንች እስከ አይልትስ

ከደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ወጥቶ በዓለም ስሙን ያስጠራው ቀዳሚ ስደተኛ ሰው አይደለም፤ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማጂ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበ ፍሬ ኬንያ ደረሰ። ከዚያ ወደ ታንዛኒያ፣ በ1953 ወደ ኮስታሪካ፣ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 ፓናማ ላይ በተደረገ ውድድር አሸንፎ በጨረታ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ የቡናው ዓለም ጉድ አለ። ስሙ ግን መንገድ ላይ ተበላሽቷል። መዝጋቢዎቹ «ጌሻ»ን በላቲን ሲጽፉ አንዲት «አይ» ፊደል ጣል አደረጉበትና «ጌይሻ» ሆኖ ቀረ። ዛሬም የጃፓን ስም የሚመስለው ጠጪ ጥቂት አይደለም።

ቡናው ቋንቋ አልተጠየቀም። ልጆቹ ግን ይጠየቃሉ። ከሚዛን አማን፣ ከቴፒ ወይም ከሸዋ ቤንች ተነስቶ ለትምህርት እንግሊዝ፣ ለሥራ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ልሂድ የሚል ወጣት ገና ከደጁ የሚያገኘው ጥያቄ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» ያለውን ልጅ ጓደኞቹ «ባንድ ስንት አመጣህ?» ይሉታል። ባንድ ማለት አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ነጥብ ነው።

ስደት ሁሉ በዚህ በር እንደማያልፍ ከወዲሁ ይታወቅ። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት ለቤት ሥራ የምትሄድ እህት አይልትስ የሚላት የለም። ዲቪ የደረሰውም አይጠየቅም፤ ዲቪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም የሥራ ልምድ ይፈልጋል እንጂ የቋንቋ ፈተና የለውም። እንግሊዝኛው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ የአሜሪካ ዜግነት ሲጠየቅ ነው። ይህን የማነሳው ደላላ በማያስፈልገው ፈተና ስም ብር የሚቀበለው ሰው ስላለ ነው።

አይልትስ በዚህ ስሙ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ብሪቲሽ ካውንስል፣ የአውስትራሊያው አይዲፒ እና ካምብሪጅ በጋራ ይዘውታል። ሁለት ዓይነት ነው፤ «አካዳሚክ» የሚባለው ለዩኒቨርሲቲና ለሙያ ምዝገባ፣ «ጄኔራል ትሬኒንግ» የሚባለው በአብዛኛው ለሥራና ለኑሮ ለሚሄድ። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ተደምረው ሦስት ሰዓት አይሞሉም። ከአራቱ የእኛን ልጅ የሚያስደነግጠው የመጀመሪያው ነው።

ማዳመጡ 30 ደቂቃና 40 ጥያቄ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አጀማመሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ቤት ለመከራየት ወይም ለኮርስ ለመመዝገብ ይደውላል፤ የቢሮዋ ሠራተኛ ስሙን ትጠይቀዋለች፤ እሱም ፊደል በፊደል ይነግራታል። እኛ አገር «አር» ብለን ምላሳችንን አርገብግበን የምንጠራትን ፊደል እንግሊዙ «አ» ብሎ ይለቃታል፤ ሰሚው «ኤ» የሚባለውን ፊደል ይጽፋል። «ኢ» እና «አይ» ደግሞ የባሰ ያደናግራሉ። ቤንችኛ በላቲን ፊደል ይጻፋልና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ የሸዋ ቤንች ልጅ «ኢ» ብሎ ያነበባት ፊደል እንግሊዝኛ ላይ ስትደርስ «አይ» ትባላለች። ከስሙ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ይመጣል። «ደብል ፎር» ሲል 44 ማለቱ ነው፤ ዜሮን «ኦ» ይላታል። ሰሚው ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ድምፁ ወደ አድራሻው አልፏል። መልሱን አውቆ በአንድ ፊደል ስህተት የጻፈው አያገኝም፤ «ከሁለት ቃል አይብለጥ» በተባለበት ሦስት ቃል የጻፈም አያገኝም።

በ1997 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማ የሚባለውን የክፍል ቴሌቪዥን አይረሳም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሰናዳ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ አስተማሪዋ በፈጣን እንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ «በጣም ጥሩ!» ብላ ትቀጥላለች። ክፍሉ ውስጥ የመለሰ አንድም ሰው የለም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ፕላዝማን ከረገሙት አንዱ ነኝ። ዛሬ ሳስበው ግን የማይቆም፣ የማይደገምና የማይለመጥ እንግሊዝኛ በጆሯችን ያስገባ ትምህርት እሱ ብቻ ነበር። የክፍሉ የእንግሊዝኛ መምህራችንማ እንግሊዝኛን ያስተማሩን በአማርኛ ነው።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሕጉ መሠረት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ግን ከአራት ፊደል አንዱን መምረጥ ነው። ተማሪው እንግሊዝኛ ሲናገር የሚሰማው፣ የጻፈውን አንድ ገጽ የሚያርምለት ፈታኝ የለም። ያም ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሷል። እነዚያን ጥቂት አላፊዎች ወስደን አይልትስ ብናስቀምጣቸው እንኳ አብዛኞቹ ንባቡ ላይ ደህና ሆነው ማዳመጡና መናገሩ ላይ የሚንገዳገዱ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት በዓይን የተማሩትን ቋንቋ በጆሮና በአፍ ይጠየቃሉ።

የሸዋ ቤንች ልጅ ጆሮው ደካማ ሆኖ አይደለም። ቤንችኛ አምስት የድምፅ እርከን ያለው ቋንቋ ነው፤ አንድ ቃል በከፍታና በዝቅታ ብቻ ትርጉሙን ይለውጣል። በዓለም ላይ ይህን ያህል እርከን የሚለዩ ቋንቋዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገና ጡት ሳይጥል አምስቱን እርከን ለይቶ ያደገ ልጅ ለእንግሊዝኛ ጆሮ የለውም የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም። የጎደለው ጆሮውን የሚሞላለት እንግሊዝኛ ነው።

ንባቡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ 60 ደቂቃ፣ 40 ጥያቄ ነው፤ ጊዜው ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ያስቸግራል። ጽሑፉም 60 ደቂቃ ሲሆን ሁለት ሥራ አለው፦ አንዱ ቢያንስ 150፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃል። በሰምና ወርቅ ያደገ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይጎዳል። እኛ ሰሙን አስቀድመን፣ በምሳሌ አዙረን፣ ወርቁን መጨረሻ ላይ እናወጣለን። ፈታኙ ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጋል፦ ትስማማለህ ወይስ አትስማማም፣ ለምን?

መናገሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ፣ ከአንድ ፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ነው። መሀል ላይ አንድ ካርድ ይሰጣል፤ ለምሳሌ ስለ አንድ የማይረሳ ጉዞ ተናገር የሚል። አንድ ደቂቃ እርሳስና ወረቀት ይዞ ማሰብ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻውን መናገር። በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ «አዎ» እና «አይ» ብሎ መመለስ ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ እዚህ ጨዋነቱ ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ፈታኙ ያልሰማውን አያርምም። ነጥቡ የሚሰጠው በንግግር ፍሰት፣ በቃላት፣ በሰዋስውና በድምፅ አወጣጥ እኩል ተከፋፍሎ ነው። እንደ እንግሊዝ መናገር ግዴታ አይደለም፤ መሰማት ይበቃል። «እስኩል» ማለት ብቻውን አይጥልም። በቃል የተሸመደደ ንግግር ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ፈታኙም ጥያቄውን ቀይሮ ያፍረከርከዋል።

ነጥቡ ከ0 እስከ 9 በግማሽ በግማሽ ይወጣል። ቡና ሲመደብ ላደገ ሰው ይህ ግር ያሰኛል፤ ቡና ላይ 1 የላይኛው ነው፣ እዚህ ላይኛው 9 ነው። ማዳመጥ ላይ ከ40ው 23 ያህል የመለሰ 6፣ 30 ያህል የመለሰ 7 ያገኛል። የአራቱ አማካይ ደግሞ ወደ ቅርቡ ግማሽ ይጠጋጋል። አንዷ 7፣ 6.5፣ 5.5 እና 6 ብታመጣ አማካይዋ 6.25 ነው፤ ወረቀቷ ላይ 6.5 ተብሎ ይታተማል። ደስ ይላታል። ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ «6.5፣ ግን ከየትኛውም ክፍል ከ6 ያላነሰ» ብሎ ከሆነ በ5.5ቷ ምክንያት ተመልሳ ትፈተናለች። ብዙ ሰው የሚወድቀው በአማካዩ ሳይሆን በዚህች ሐረግ ነው።

ሚዛን አማን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ስለዚህ በአካባቢው ይህን ፈተና ከሚያስቡት መካከል ነርሶች አይጠፉም። የእንግሊዝ የነርሶች ምዝገባ አካል ከነርስ የሚጠይቀው በአካዳሚክ አይልትስ 7 ነው፤ መጻፍ ላይ 6.5 ይቀበላል። ወይም ኦኢቲ የሚባለውን የጤና ባለሙያዎች ፈተና ይቀበላል። ኦኢቲ ላይ የሚጻፈው ስለ ዓለም ሙቀት አይደለም፤ በሽተኛን ወደ ሌላ ሐኪም የሚያስተላልፍ ደብዳቤ ነው። ንግግሩም ታማሚ ሆኖ ከሚጫወት ሰው ጋር ነው። ሰባት ዓመት ዋርድ ላይ የቆመች ነርስ ብትጠይቀኝ ኦኢቲን እመርጥላታለሁ። ሌላም ማወቅ ያለባት ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ የእንግሊዝ ቀጣሪ እዚህ መጥቶ መመልመል አይፈቀድለትም። ባለሙያዋ በራሷ ብታመለክት ግን የሚከለክላት የለም። እንግዲህ «የእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ እንድመለምል ልኮኛል» የሚል ሰው ሚዛን ላይ ከመጣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መገመት ነው።

ሌሎችም ፈተናዎች አሉ። ቶፍል እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያለ የአሜሪካኖቹ ፈተና ነው። ዱዎሊንጎ በ2016 መጣ፤ ቤት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወሰድና ዋጋው የቀለለ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። ነገር ግን ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው የካናዳ የሰለጠነ ሠራተኛ መቀበያ ሥርዓት ዱዎሊንጎ አያይም። ቤት ውስጥ የሚወሰደው ደግሞ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል፤ ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባም ይከለክላል። አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት የሚያድር ቤተሰብ ይህን እንዴት ያደርገዋል? ከዩኒቨርሲቲ «የመማሪያ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ብዙ ብር ከማውጣት በፊት ይህን መጠየቅ አይጎዳም።

ብሩ ቀላል አይደለም። አይልትስ በብዙ አገሮች ከ200 ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በዶላር የሚታሰብ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ከሸዋ ቤንች ለሚነሳ ሰው ደግሞ ፈተናው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ በቦንጋና በጅማ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። መናገሩ ከሌሎቹ ሦስቱ በተለየ ቀን ሊመደብ ስለሚችል የአልጋና የምግብ ብር ከወዲሁ ይያዝ። በመንገድ ድካም ከአውቶቡስ ወርዶ ማግስቱን ጆሮውን ለፈተና የሚያቀርብ ሰው ራሱን በድሏል፤ ሁለት ቀን አስቀድሞ መግባት ይሻላል።

«ያለ ፈተና 7 አወጣልሃለሁ» የሚል ከመጣ አይመኑት። ተፈታኙ ማዕከሉ ውስጥ በፓስፖርቱ ይለያል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ተቀባዩ ተቋም ደግሞ ውጤቱን ራሱ ከምንጩ ያጣራል። የገዛው ወረቀት ብሩን ብቻ ሳይሆን ቪዛውንም ይበላበታል። እውነተኛው ውጤትም ቢሆን የሚታመነው ለሁለት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ሳይደርስ ቸኩሎ መፈተን ብር ማቃጠል ነው።

በመጨረሻ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ፓስፖርትዎን ይክፈቱና ስምዎን ፊደል በፊደል ያንብቡ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የምዝገባ ቅጹ ግን ይጠይቃል። የአባትና የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ይሙሉት። የዲግሪ ወረቀትዎ ላይ «ተፈራ» በአንድ «አር»፣ ፓስፖርትዎ ላይ በሁለት «አር» ተጽፎ ከሆነ አሁኑኑ ያስተካክሉ፤ ውጤቱ የሚታተመው በፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው።