የማይለቅ የልጆች ሳልና የትንፋሽ ምርመራ

አንዲት እናት የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ሲገቡ በእጃቸው አራት የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቶች ነበሩ። አራቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ለሳል የታዘዙ ፀረ ባክቴሪያዎች ናቸው። «አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ብሮንካይት ነው ይሉኛል። ትንሽ ይሻላታል፣ ከዚያ ሌሊት እንደገና ይነሳባታል። አሁንማ መምህሯ ከስፖርት አስቀርተዋታል» አሉኝ። የልጅቱን ደረት ሳዳምጥ የተለየ ድምፅ አልሰማሁም። ይሁንና ያዳመጥኳት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሳሏ የሚበረታው ግን ንጋት ላይ ነው።

የአስም ባሕርይ እንዲህ ነው። በአስም የአየር ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፤ ጥበቱም ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ ሐኪም ዘንድ በቀረበበት ሰዓት ደረቱ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አስም የለበትም አያሰኝም። በተቻለ መጠን ትንፋሹን መለካት ያስፈልጋል።

ትንፋሽ እንዴት ይለካል?

ቀላሉ መሣሪያ ፒክ ፍሎው ሜትር ይባላል። በእጅ የሚያዝ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ልጁ ቆሞ በደንብ አየር ይስብና በአንድ ጊዜ በኃይል ይነፋል። ሦስት ጊዜ ነፍቶ ትልቁ ቁጥር ይመዘገባል። ይህ ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት ሲደረግ የቧንቧው መጥበብና መከፈት በቁጥር ይታያል። በልጆች ላይ በጠዋቱና በማታው መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ከ13 በመቶ ሲበልጥ አስምን ያመለክታል።

ሁለተኛው ስፓይሮሜትሪ ነው። ልጁ በማሽን ውስጥ አየሩ እስኪያልቅ ድረስ በኃይል ይተነፍሳል። ከዚያም ሳልቡታሞል ወስዶ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይደግመዋል። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው አየር 12 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ቧንቧው ጠቦ እንደነበር ይታወቃል። አብዛኞቹ ልጆች ይህን በትክክል ማድረግ የሚችሉት ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት ጀምሮ ነው።

ሦስተኛው በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለካል። የስዊድን ተመራማሪዎች አስም ባለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ውስጥ ይህ ጋዝ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ከአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ጋዙ ከ20 በታች ሲሆን ዝቅተኛ፣ ከ35 በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል። ከፍተኛ ውጤት በቧንቧው ውስጥ የአለርጂ ዓይነት ቁጣ እንዳለ ይጠቁማል። የአፍንጫ አለርጂም ብቻውን ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተያይዞ ይታያል። መሣሪያው ውድ በመሆኑ በብዙ የጤና ተቋሞቻችን ባይገኝም ሕክምናው እሱን መጠበቅ የለበትም።

በአየር ውስጥ ያሉ ቀስቃሾች

አስም ያለባቸው ብዙ ልጆች አየር ወለድ አለርጂ አለባቸው። ዋና ዋናዎቹ ቀስቃሾች በፍራሽ፣ በትራስና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች፣ የበረሮ ብናኝ፣ የድመትና የውሻ ቆዳ ቅርፊት፣ የእርጥበት ሻጋታ እና የሣርና የዛፍ የአበባ ብናኝ ናቸው። ክረምት ላይ ሻጋታው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ የሣር ብናኙ ይበረታል።

የከሰል፣ የእጣንና የሲጋራ ጭስ ግን አለርጂ ሳይሆን የተቆጣውን ቧንቧ ይበልጥ የሚያስቆጣ ነው። ቡና ሲፈላ ልጁን ከጭሱ ማራቅ፣ በርና መስኮት መክፈት ተገቢ ነው።

ልጁ ለየትኛው ነገር አለርጂ እንዳለበት በቆዳ ወይም በደም ምርመራ መለየት ይቻላል። ምርመራው በሌለበት ወላጅ የሚይዘው ማስታወሻ ብዙ ይረዳል፦ ሳሉ መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ ተነሳ?

ወላጆች ምን ያድርጉ?

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ይጠቡ። ቤቱን ልጁ በሌለበት ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያስነሳዋል። ሻጋታ ካለበት ግድግዳ አጠገብ ልጅ አያስተኙ።

ብዙ ወላጆች ፓፍ ሱስ ያስይዛል ብለው ይሰጋሉ፤ ሱስ አያስይዝም። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል። ቤክሎሜታዞንን የመሰለው መድኃኒት ደግሞ ቁጣውን ስለሚያበርድ ልጁ ደኅና ቢሆንም በየቀኑ እንደታዘዘው መወሰድ አለበት። ከወሰደ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ። መድኃኒቱ ሳንባ ውስጥ እንዲገባ ማቀበያ ያስፈልጋል። ማቀበያው ከሌለ ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ከታች በኩል በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ሊያገለግል ይችላል፤ አዘገጃጀቱን ባለሙያ ያሳያችሁ።

ልጁ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሳልቡታሞል ወስዶ ካልተሻለው ነገሩ ድንገተኛ ነው። የታዘዘውን ሳልቡታሞል እየሰጡ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

የመግቢያዬ ልጅ ትንፋሽ በሁለት ሳምንት መዝገብ ጠዋት 150፣ ማታ 200 አካባቢ ነበር። አልጋዋም ክረምቱን ሻጋታ ካወጣ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነበር። አልጋዋ ተነሳ፣ በየቀኑ የሚወሰደው ፓፍም ተጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ ጠዋትና ማታው ተቀራረበ፣ እናትየውም ሌሊት መነሳት እንደቀረላቸው ነገሩኝ። ልጅቱ በበኩሏ ከቁጥሩ ይልቅ ወደ ስፖርት መመለሷን ነው የነገረችኝ። ሳሉ የሚመላለስ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ከመግዛታችሁ በፊት «የልጄ ትንፋሽ ተለክቶ ያውቃል?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።